ለመኪና ተልከው በመሲንቆ የታወቁት

እንጦጦ ማርያም ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ብርዱ፣ ባሕር ዛፉና ጎህ ሳይቀድ ዳገቱን የሚወጡት ሯጮች ናቸው። ታሪክ የሚወድ ደግሞ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ እዚሁ ደብር ዘውድ ጭነው ንጉሠ ነገሥት መባላቸውን ይጨምርበታል። ሙዚየም ገብቶ የነገሥታቱን አልባሳት አይቶ፣ በአሮጌው ቤተ መንግሥት በኩል ዞር ዞር ብሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይወርዳል። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚቆጨኝ በመስታወት ውስጥ ሊቀመጥ ያልቻለው ነገር ነው። ግብር ሲበላ፣ ጠጅ ሲቀዳ፣ ከአዳራሹ ጥግ ይነሣ የነበረው የመሲንቆ ድምፅ የታለ?

የዚያን ዘመን ቤተ መንግሥት ያለ አዝማሪ ማሰብ አይቻልም። አዝማሪ አወዳሽ ነው፤ ወሬ አድራሽ ነው፤ ሲያሻው ደግሞ በሰምና ወርቅ ጎሸም አድርጎ የሚያልፍ ተቺ ነው። ሌላው ሰው ቢናገረው የሚያስገርፈውን ነገር አዝማሪ በዜማ ጠቅልሎ ይለዋል፤ መኳንንቱም ስቀው ይሸልሙታል። በዚያው ልክ ግን ሙያው የተናቀ ነበር። ሲዘፍን የሚጨበጨብለት ሰው ልጅ ለመዳር ሽማግሌ ሲልክ ፊት ይነሣ ነበር። ስለ ሙያ ክብር የምንናገር ሰዎች ይህን ማስታወስ አለብን፤ ጭብጨባና ክብር ሁልጊዜ በአንድ በር አይገቡም።

ዛሬ የማወጋችሁ ከዚያ የዜማና የግጥም ዓለም ተነሥተው ያልታሰበ ቦታ ስለደረሱ ሰው ነው፤ ስለ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ።

ተሰማ በ1860ዎቹ መጨረሻ በምንጃር ተወለዱ። መሲንቆ ይመታሉ፣ ግጥም ያወርዳሉ፣ ያዜማሉ። አንደበታቸው የተባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 ምኒልክ ወደ ጀርመን ላኳቸው። ለዘፈን እንዳይመስላችሁ፤ የመኪና ነገር እንዲማሩ ነው። መኪና አዲስ አበባን ገና መርገጡ ነበር፤ ንጉሡም አዲስ ማሽን በመጣ ቁጥር ማን ይዘውረው፣ ማን ይጠግነው የሚለውን ቀድመው የሚያስቡ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ተሰማ በርሊን የገቡት በዛሬው አነጋገር የሙያ ሥልጠና ተልከው ነው።

ከበርሊን የቀረልን ግን የሞተር ድምፅ አይደለም። ተሰማ እዚያ ሳሉ በመሲንቋቸው እየዘፈኑ ከደርዘን በላይ ሸክላ አስቀረጹ። የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ ሲቀረጽ ይህ የመጀመሪያው ነው። መቶኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ የእነዚያ ሸክላዎች ድምፅ ኢትዮጲክስ በተባለው ተከታታይ አልበም በ27ኛው ቁጥር እንደገና ታትሞ ወጣ። የፈለገ ሰው ዛሬ በስልኩ ከፍቶ ሊሰማቸው ይችላል። ሸክላው ይንሿሿል፤ ከመንሿሿቱ ሥር አንድ ሰውና አንድ ክር አሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም የታሪኩ ልብ ያለው በዚያ መቅረጫ ክፍል ውስጥ ነው። በ1908 እ.ኤ.አ. ማይክሮፎን የሚባል የመቅረጫ ዕቃ ገና አልነበረም፤ በኤሌክትሪክ መቅረጽ የተጀመረው ወደ 1925 ገደማ ነው። ዘፋኙ አፉን ወደ አንድ ትልቅ ቀንድ አስጠግቶ ይዘፍናል። ድምፁ በቀንዱ ጫፍ ያለችውን ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጣል፤ ሽፋኗ መርፌዋን ታንቀሳቅሳለች፤ መርፌዋ የሚሽከረከረው ሰም ላይ ትጭራለች። አለቀ። መቆራረጥ የለ፣ ማስተካከል የለ፣ ይቺን ብቻ ድገማት ማለት የለ። ከተሳሳቱ ሰሙ ተጥሎ ከሀ ይጀመራል። የሸክላው አንድ ፊት የሚይዘው ደግሞ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ደቂቃ ነው።

አሁን ይህን ከመሲንቆ ባለሙያ ሕይወት ጋር አስተያዩት። መሲንቆ ይዞ ግጥም የሚያወርድ ሰው የለመደው ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ነው። ግጥም የሚያወጣው ፊት ለፊቱ ከተቀመጠው ሰው ላይ ነው፤ ከጋቢው፣ ከጢሙ፣ ከሚስቱ ስም፣ ከአባቱ ጀግንነት። አንዱ እሰይ ሲል፣ ሌላው ግጥም ሲሰጠው፣ ሴቲቱ እልል ስትል ነው የሚሞቀው። በርሊን ላይ ግን ከፊታቸው የተቀመጠው የቆርቆሮ አፍ ነው። እሰይ አይልም። ሽልማት ግንባር ላይ አይለጥፍም። አማርኛ የሚሰማ አንድ ሰው እንኳ ክፍሉ ውስጥ መኖሩ ያጠራጥራል። እዚያ ቆመው፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚዘረጋውን ነገር ሦስት ደቂቃ ውስጥ ከተው፣ ሳይሳሳቱ ተጫወቱት። አንዴ ብቻ ቢሆን ዕድል ነው እንላለን። ከደርዘን በላይ ሸክላ ግን ዕድል አይባልም፤ ያ የተዘጋጀ ሰው ሥራ ነው።

እኔ በየመድረኩ የምሰማው ምክር አለ፤ ሥራችሁን ትታችሁ ሕልማችሁን ተከተሉ የሚል። ያምራል፤ ቤት ኪራይ ግን አይከፍልም። ተናጋሪው ራሱ ከአዳራሹ ወጥቶ አበሉን ተቀብሎ ነው የሚሄደው። የተሰማ መንገድ ሌላ ነው። ንጉሥ የላካቸውን ሥራ እኔ የተፈጠርኩት ለዘፈን ነው ብለው አልገፉትም፤ ሂዱ የተባሉበት ሄዱ። ግን ሲሄዱ ሙያቸውን ቤት ጥለው አልሄዱም። ልዩነቱ ይኸው ነው። ብዙዎቻችን አንድ ሥራ ስናገኝ ሌላውን ችሎታ አልጋ ሥር እንከተዋለን፤ ጊዜ ሳገኝ አወጣዋለሁ እንላለን። ጊዜ ደግሞ አልጋ ሥር አይፈልገንም።

ስለዚህ አንቺ ባንክ ቤት ገንዘብ ስትቆጥሪ የምትውይ፣ ግን የጥልፍ እጅሽን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው፤ አንተ ቀኑን መሪ ይዘህ ከሳሪስ ሽሮ ሜዳ የምትመላለስ፣ ቀይ መብራት ላይ በልብህ ግጥም የምትገጥም፤ አንቺ ነገ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ዱባይ የምትበሪ፣ ክራርሽን ለእህትሽ ልትሰጪ የተነሣሽ፤ ክራሩን ይዘሽው ሂጂ እላለሁ። የኪሎው ገደብ ካልፈቀደ እጅሽ ያለውን ይዘሽ ሂጂ። ማን ያውቃል፣ እዚያ የሚጠብቅሽ ቀንድ ምን ዓይነት እንደሆነ።

መሲንቆውን ራሱን በቅርብ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ባለፈው ክረምት ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ስንወጣ፣ የባህል ልብስ ሱቆቹ አልቀው ዳገቱ ሲጀምር፣ አንድ ልጅ እግር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። ቆመን አየነው። የመሲንቆው ሆድ አራት ማዕዘን ነው፤ በማዕዘኑ ቆሞ ፊትና ኋላው በቆዳ ተወጥሯል። ከእሱ ላይ ረጅም እንጨት ወጥቷል፤ ጫፉ ላይ ክሩን የሚያጠብቅ መዘውር አለ። ክሩ አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ይባል እንጂ ብዙ የፈረስ ጭራ አብሮ የታሰረ ነው። ደጋኑም በፈረስ ጭራ የተወጠረ ነው። ልጁ ደጋኑን ዕጣን ሲቀባ ጥርት ያለ ድምፅ ይወጣዋል፤ ዕጣኑ ሲያልቅ ይሻክራል።

ያስገረመኝ ግራ እጁ ነው። ጣቱ ክሩን ከእንጨቱ ጋር አይጫነውም፤ ክሩ አየር ላይ ነው፣ ጣቱ ነካ ብቻ ያደርገዋል። ምልክት የለው፣ መስመር የለው። ጣት የፀጉር ያህል ብትስት የትዝታው ቅኝት አምባሰል ልሁን ይላል። ልጁ አንዷን መታጠፊያ ደጋገማት፤ ሰለቸን እኛ፣ እሱ አልሰለቸውም። አብሮኝ የነበረው ወዳጄ ለምን ሌላ ዘፈን አትጫወትም አለው። ልጁ ቀና ሳይል፣ ጋሼ ይቺ ገና አልገባችልኝም አለ። ወዳጄ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ ባለ አንድ ክር ሰው ስለ ትጋት የሚሰጠው ትምህርት በቂ ነበር።

ብዙ ሰው ከመጀመሩ በፊት ዕቃ ያሟላል። ፎቶ ለመጀመር ካሜራው፣ ለመሮጥ ጫማው፣ ለመጻፍ ላፕቶፑ ያንሰዋል። ከዚያ እንጦጦ ላይ ሯጮቹን ሂዱና እዩ፤ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ፣ አየሩ በሳሳበት፣ ያረጀ ጫማ አጥልቀው ከዛፍ ዛፍ ይበራሉ። ያላቸው ዳገቱ ነው። የመሲንቆ ሰውም ያለው አንድ ክር ነው፤ በዚያ ክር ሠርግ ያሞቃል፣ ለቅሶ ያስለቅሳል፣ ንጉሥ ያስቃል።

ነገሩን ወደ ሌላ ቤተ መንግሥት ልውሰደው፤ አንድ የቫዮሊን ሰው አለና። ዳግማዊ ኢያሱና እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ጎንደር ላይ ሲገዙ፣ እ.ኤ.አ. በ1745፣ ጓድሉፕ በምትባል የካሪቢያን ደሴት ዦዜፍ ቦሎኝ የሚባል ልጅ ተወለደ። አባቱ የፈረንሳይ ባለ እርሻ፣ እናቱ ናኖን ከአፍሪካ ዘር የሆነች ባሪያ። አባትየው ልጁን ፈረንሳይ ወስዶ አስተማረው። ሸቫልዬ ደ ሴን ዦርዥ ተባለ። (የእኛ የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ደጋፊዎች ልብ በሉ፤ ስማችን ጥንትም ፓሪስ ነበር ብላችሁ እንዳትጨፍሩ።)

ይህ ሰው መጀመሪያ የታወቀው በሰይፍ ነው። በፈረንሳይ ስመ ጥር የሰይፍ ግጥሚያ ተጫዋች ሆነ። ፓሪስ ሰይፈኛው ብላ ስም ሰጥታው ስታበቃ፣ በ1769 ከኦርኬስትራ መካከል ቫዮሊን ይዞ ብቅ አለ። በ1772 ራሱ የደረሳቸውን የቫዮሊን ኮንሰርቶዎች ራሱ ተጫወተ፤ በተከታዩ ዓመት የኦርኬስትራው መሪ ሆነ። ንግሥት ማሪ አንቷኔትም ከእሱ ጋር ሙዚቃ ትጫወት እንደነበር ይነገራል። ኋላም ሃይድን ዛሬ የፓሪስ ሲምፎኒዎች የሚባሉትን ስድስት ሥራዎች የጻፈው ሴን ዦርዥ ለሚመራው ኦርኬስትራ ነው። ሰይፉን ደግሞ አልጣለውም። በ1787 ለንደን ላይ በእንግሊዝ ልዑል ፊት ከሸቫልዬ ዴዮን ጋር ሰይፍ ገጠመ። ሁለቱንም ይዞ ዘለቀ።

ግን ሁሉ በር ተከፈተለት ብዬ አልዋሻችሁም። በ1776 የፓሪስ ኦፔራ ኃላፊ እንዲሆን ስሙ ሲነሣ፣ ከኦፔራው ሴቶች ሦስቱ እንዲህ ያለ ቆዳ ካለው ሰው ትእዛዝ አንቀበልም ብለው ለንግሥቲቱ አቤት አሉ። ቦታውን አላገኘም። ከዚያ በኋላም በችሎታው ብቻ ያንን በር ሰብሮ ገባ የሚል ታሪክ የለም። አልገባም። የሠራው ሌላ ነው፤ ሌላ ኦርኬስትራ መራ፣ ጻፈ፣ አስጻፈ። አብዮቱ ሲመጣ ጥቁሮችና ክልሶች የተሰለፉበትን ጦር አዘዘ፤ ያው አብዮት ደግሞ እስር ቤት አስገባው። ተፈትቶ በ1799 በ53 ዓመቱ ሞተ።

አነቃቂ ጽሑፍ አንባቢ ይህን ሲሰማ ቅር ሊለው ይችላል፤ ታዲያ ድሉ የታለ ይል ይሆናል። እኔ እዚህ ላይ ከሙያ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። የተዘጋ በር ሁሉ ለበጎ ነው የሚለው ነገር ግፍ የደረሰበትን ሰው ዝም ማሰኛ ይሆናል። በሩ የተዘጋው በግፍ ነው፤ ግፍ ግፍ ነው። የእኛ ድርሻ በሩ ፊት ለፊት ተቀምጠን ዕድሜያችንን አለመጨረስ ነው። ሴን ዦርዥ ኦፔራው በር ላይ አልተቀመጠም፤ ሰይፍና ቫዮሊን የያዘ ሰው የሚሄድበት ሌላ ቦታ አለው።

ከእኛ አገርም አንዲት ቫዮሊን የያዙ ልጅ ነበሩ። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ የውብዳር በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ ኋላም ካይሮ ላይ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች በሚባል ቫዮሊን ተጫዋች ሥር ሠለጠኑ። ለንደን ሄደው ሙዚቃ ሊማሩ ሲሰናዱ ነገሩ ተሰናከለ። አዘኑ፤ ታመሙ፤ ግሸን ማርያም ወጥተው መነኮሱ፤ እማሆይ ጽጌ ማርያም ተባሉ። ብዙ ዓመት ከሙዚቃው ርቀው ኖሩ። የመጀመሪያ አልበማቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1967፣ አርባ ዓመት ካለፉ በኋላ ነው፤ ገቢውንም ለችግረኛ ልጆች አዋሉት። ሰማንያ ሲሞላቸው ዓለም አወቃቸው። በ2023፣ በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ላይ ሲያርፉ ጋዜጣው ሁሉ ጻፈላቸው። ሠላሳ ሞላኝ፣ አመለጠኝ የምትሉ ወጣቶች ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

ወደ ተሰማ እንመለስ። ከጀርመን ከተመለሱ በኋላ ዘመኑ ፈገግ ብሎላቸው ነበር። ከልጅ ኢያሱ ጋር ወዳጅ ሆኑ፤ ነጋድራስ የሚለውን ማዕረግ አገኙ። በ1909 ዓ.ም. ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ግን የኢያሱ ሰው ሁሉ አብሮ ወደቀ፤ ተሰማም አልቀረላቸውም። የቤተ መንግሥት ሞገስ እንዲህ ነው፤ ትላንት ሸላሚ የነበረው አዳራሽ ዛሬ ስምህን አያነሣም። ዛሬም በድርጅት ውስጥ አለቃ ሲቀየር ወንበራቸው የሚቀየርባቸው ሰዎች ይህን ያውቁታል። ሹመታቸውን ተነጠቁ፤ መሲንቆውንና ግጥሙን ግን የሚነጥቅ አዋጅ የለም። ግጥማቸው ከአፍ ወደ አፍ እየዞረ፣ ሸክላቸው በአንዳንድ ቤት እየተሽከረከረ ቆየ። እስከ 1964 እ.ኤ.አ. በሕይወት ኖረዋል።

መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ጅማ ላይ ወንድ ልጅ ተወልዶላቸው ነበር። ይድነቃቸው አሉት። አዎ፣ እሳቸው ናቸው! የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1962 የአፍሪካን ዋንጫ ስትበላ አሠልጣኝ፣ ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት፣ ይድነቃቸው ተሰማ። የአባት መሲንቆ ለልጅ ኳስ ሆነ ማለት ማጋነን ይሆንብኛል። ነገር ግን ኳሱ፣ ስብሰባው፣ ደቡብ አፍሪካን ከእግር ኳስ ለማግለል የተደረገው ክርክር ሁሉ ባለበት ሕይወት መካከል፣ የአባታቸውን ግጥም የሰበሰቡት እኚሁ ሰው ናቸው። የኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ግጥም መልቀም! ከአባታቸው የወረሱት ይህ ይመስለኛል፤ አንድ ሥራ ላይ ቁጭ ብሎ ሌላውን አለመርሳት።

ለዚህ ሳምንት የምሰጣችሁ የቤት ሥራ የበርሊኑን ክፍል ማስመሰል ነው። አልጋ ሥር የገባችውን ችሎታችሁን አውጡ፤ ዘፈን ትሁን፣ ግጥም፣ ማስተማር፣ ተረት መንገር፣ የሒሳብ ጥያቄ መፍታት። ቅዳሜ ጠዋት ስልካችሁን ዘግታችሁ፣ ማለትም ጥሪና መልእክቱን ዘግታችሁ፣ መቅረጫውን ብቻ ክፈቱ። ሦስት ደቂቃ ነው ያላችሁ። መቆራረጥ አይፈቀድም፤ ከተሳሳታችሁ አጥፍታችሁ ከሀ ጀምሩ። የሚያጨበጭብላችሁ ሰው ክፍሉ ውስጥ አታስገቡ። የመጀመሪያው ታሳፍራለች፤ አራተኛዋ ትሻላለች፤ እስከ ምሳ ሰዓት ከቀጠላችሁ አንዷ ትገባለች። እሷን ለአንድ ሰው ላኩ፤ ለሚወዳችሁ ሳይሆን እውነት ለሚነግራችሁ። ሰኞ ወደ ሥራችሁ ግቡ፤ ቅዳሜ ደግሞ ያው ሰዓት ላይ፣ ያው ስልክ፣ ሌላ ሦስት ደቂቃ።